ከሌሎች ሸራ ወደ ትውልድ ወንዙ፡ የሰዓሊ ጆን ኮንስታብል ሕይወት

በእንግሊዝ ዋና ከተማ ለንደን የሚገኘው ናሽናል ጋለሪ ከያዛቸው ታላላቅ ቅርሶች መካከል ቁመቷ ከግማሽ ሜትር ብዙም የማትበልጥ አንዲት የዘይት ቀለም ስዕል ትገኛለች። በ1646 የተሣለችው ይህች ስዕል በኦሪት ዘፍጥረት እንደተተረከው ከእመቤቷ ፊት የሸሸችው አጋር በምድረ በዳ ከመልአክ ጋር ስትገናኝ ታሳያለች። ሰዓሊው አብዛኛውን ዕድሜውን በሮም ያሳለፈው ፈረንሳዊው ክሎድ ሎሬን ነው። ይህች አነስተኛ ስዕል ከተሣለች ከ150 ዓመታት ገደማ በኋላ የአንድን እንግሊዛዊ የእህል ነጋዴ ልጅ የሕይወት አቅጣጫ ለወጠች (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ወጣቱ ጆን ኮንስታብል ይባላል። ዛሬ ስሙ በሮማንቲክ ዘመን የመልክዓ ምድር ስዕል ከቀዳሚዎቹ ተርታ የሚጠራ ቢሆንም፤ ለዚህ ክብር የበቃው ዘግይቶና ብዙ ዋጋ ከፍሎ ነበር። የሕይወት ታሪኩም አንድ ሙያተኛ ከቀደሙት ምን ያህል መውሰድ እንዳለበት፣ የራሱን መንገድ መጀመር ያለበትስ መቼ እንደሆነ ለሚነሳው ጥያቄ ግልጽ ምላሽ የሚሰጥ ነው።

ኮንስታብል ሰኔ 11 ቀን 1776 በምሥራቅ እንግሊዝ በሰፎክ አውራጃ ኢስት በርግሆልት በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ ጎልዲንግ ኮንስታብል በስቱር ወንዝ ላይ የፍላትፎርድና የዴድሃም የውሃ ወፍጮዎች ባለቤት የነበሩ ባለጸጋ የእህል ነጋዴ ናቸው። እህልና ዱቄት በፈረስ በሚጎተቱ ጀልባዎች ወንዙን ተከትሎ ይወርድና ከዚያም በመርከብ ወደ ለንደን ይጓጓዝ ነበር። የበኩር ልጃቸው የአእምሮ እድገት ውስንነት ስለነበረበት፤ አባት ንግዱን እንዲረከብላቸው ተስፋ የጣሉት በሁለተኛው ልጃቸው በጆን ላይ ነበር።

ወጣቱ ትምህርቱን በዴድሃም ካጠናቀቀ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት በአባቱ ወፍጮ ቤት ሠርቷል። በወፍጮ ቤት የሚሠራ ሰው ንፋሱ ከየት እንደሚነሳና ደመናው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሳያስተውል መዋል አይችልም። ይህ የሥራ ልምድ በኋላ ሰማይን እንደማንም ሰዓሊ እንዲያነብ አድርጎታል። በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ የመንደሩ የቧንቧና የመስኮት መስታወት ሠራተኛ ከነበሩት ከጆን ደንቶርን ጋር በየሜዳው እየዞረ ይሥል ነበር። የመጀመሪያው የስዕል ጓደኛው እኚህ በመንደሩ ከተራ ሙያተኞች የሚቆጠሩ ሰው ናቸው።

በ1795 አካባቢ ኮንስታብል ከሰር ጆርጅ ቦሞንት ጋር ተዋወቀ። ቦሞንት ባላባት፣ የስዕል ሰብሳቢና ራሳቸውም የሚሥሉ ሰው ሲሆኑ፤ ወላጅ እናታቸው በዴድሃም ይኖሩ ነበር። እናታቸውን ለመጠየቅ ሲመጡም ከሁሉ አብልጠው የሚወዷትን የክሎድን የአጋር ስዕል ከራሳቸው አይለዩም ነበር። ወጣቱ ስዕሏን ያየው በዚህ አጋጣሚ ነው። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ወዳጁ ሰዓሊ ቻርልስ ሌስሊ እንደሚገልጸው፤ ኮንስታብል ያቺን ቀን የሕይወቱ ታላቅ ምዕራፍ የተከፈተባት ዕለት አድርጎ ሲያስታውሳት ኖሯል።

አባት ልጃቸው ንግዱን ትቶ ሰዓሊ መሆኑን ለመቀበል ተቸግረው ነበር። ሆኖም ታናሽ ወንድሙ አብራም ወፍጮዎቹን ለመረከብ የሚችል ሆኖ በመገኘቱ በ1799 ፈቃዳቸውን ሰጡ። ኮንስታብልም ከአባቱ አነስተኛ ድጎማ እየተቆረጠለት በለንደን የሮያል አካዳሚ ትምህርት ቤት ገባ። ዕድሜው በወቅቱ 22 ዓመት ነበር።

አካዳሚው ለተማሪዎቹ በዋናነት የሚያስተምረው ንድፍ ነበር። ተማሪው በመጀመሪያ ከጥንት ሐውልቶች የጄሶ ቅጂ፣ ቀጥሎም ከሕያው ሰው ፊት ቆሞ ይነድፋል። የዘይት ቀለም አጠቃቀም ግን በመደበኛ ትምህርትነት አይሰጥም ነበር። በመሆኑም ቀለም መቀባት የሚፈልግ ተማሪ የቀደሙ ታላላቅ ሰዓሊያንን ሥራ ፈልጎ በማግኘት ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ከመገልበጥ የተሻለ አማራጭ አልነበረውም።

ኮንስታብልም ይህንኑ አደረገ። የሆላንዱን ያኮብ ፋን ራይስዳልን፣ የክሎድን፣ የእንግሊዛዊውን የሪቻርድ ዊልሰንንና የሌሎችንም ሥራዎች በትጋት አጠና፤ ገለበጠም። መገልበጥ ግን ቅርጹን አይቶ መድገም ብቻ ተደርጎ የሚታሰብ ከሆነ ስህተት ነው። የዘይት ቀለም ስዕል በአንድ ጊዜ የሚጠናቀቅ ሥራ ባለመሆኑ የሚገለብጥ ሰው የመጀመሪያውን ሰዓሊ የሥራ ቅደም ተከተል ከላይ ወደ ታች እየገለጠ ማንበብ ይኖርበታል።

ሸራው አስቀድሞ መነሻ ቀለም ይለብሳል። በዚህ ላይ የብርሃንና የጥላ ድርሻ በስስ ቀለም ይከፋፈላል። ይህ ከደረቀ በኋላ ዋናው ቀለም ይከተላል፤ በመጨረሻም ከሥር ያለውን የሚያሳይ ስስና ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ይደረባል። የላይኛው ሽፋን ከታችኛው ይልቅ በዘይት የበለጸገ መሆን አለበት፤ ይህ ሕግ ከተጣሰ ከላይ ያለው ቀድሞ ይደርቅና ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። እነዚህን ነገሮች የሚገለብጥ ሰው በዓይኑ ሳይሆን በእጁ ይማራቸዋል።

ከክሎድ የሚገኘው ትምህርት ደግሞ ከዚህም ይሰፋል። በአጋር ስዕል ላይ ከፊት ያለው መሬት ጨለም ያለ ነው። በአንድ ወገን የቆሙ ረጃጅም ዛፎች የተመልካቹን ዓይን ይይዙታል፤ መሐል ላይ ውሃና ድልድይ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ምድሩ እየራቀ፣ ቀለሙም እየሳሳ ሄዶ ከሰማዩ ብርሃን ጋር ይቀላቀላል። ጠፍጣፋ ሸራ ላይ ርቀትን መፍጠር የሚቻለው በዚህ ስሌት መሆኑን ኮንስታብል ተረዳ።

በ1802 ግን ሁለት ወሳኝ ነገሮች ተከሰቱ። አንደኛው የሥራ ጉዳይ ነበር። በግሬት ማርሎው በሚገኘው የወታደራዊ ኮሌጅ የስዕል መምህርነት የሥራ መደብ ቀረበለት። ደመወዙ ቋሚ፣ ኑሮውም የተረጋገጠ ይሆን ነበር። የሮያል አካዳሚው ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ዌስት ግን ይህን ሥራ መቀበል የሰዓሊነት ተስፋውን እንደሚያከስም መከሩት። ኮንስታብልም ምክሩን ተቀብሎ ሥራውን ሳይዝ ቀረ። ይህ ውሳኔ ለቀጣዮቹ በርካታ ዓመታት በአባቱ ድጎማና የሰዎችን መልክ በመሣል በሚያገኘው አነስተኛ ገቢ እንዲኖር አስገድዶታል።

ሁለተኛው ክስተት የሙያ ውሳኔ ነው። ኮንስታብል በዚያው ዓመት ግንቦት ለደንቶርን በጻፈው ደብዳቤ፤ ላለፉት ሁለት ዓመታት የሌሎችን ስዕል ሲያሳድድ እንደቆየና እውነትን ከሰው እጅ ሲቀበል እንደኖረ በመግለጽ፣ ከእንግዲህ ወደ ኢስት በርግሆልት ተመልሶ ከተፈጥሮ ፊት እንደሚቀመጥ አስታወቀ። ቃሉንም ጠበቀ። በበጋው ወደ መንደሩ ሄዶ የዴድሃምን ሸለቆ ከኮረብታ ላይ ሆኖ ሣለ።

በመስከረም 1802 የተሠራው ይህ አነስተኛ ስዕል ዛሬ በለንደን የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ስዕሉን ከክሎድ ሥራ ጋር ጎን ለጎን ያየ ሰው ምስጢሩን ወዲያው ይደርስበታል። ዛፎቹ የቆሙበት ቦታ፣ የመሬቱ አቀማመጥና የዓይን መንገድ ሁሉ የአጋር ስዕል ነው። ነገር ግን አጋርም መልአኩም የሉም። በስተርቀት የሚታየው የጣሊያን ተራራ ሳይሆን ወጣቱ በልጅነቱ ትምህርት ቤት የሄደባት የዴድሃም ቤተ ክርስቲያን ማማ ነው። የገለበጠውን ትምህርት ሳይጥል በራሱ መሬት ላይ ተከለው።

ከዚህ በኋላ የመጡት ዓመታት ቀላል አልነበሩም። በ1809 ከማሪያ ቢክኔል ጋር ተዋደደ። የማሪያ አያት ዶክተር ዱራንድ ሩድ የኢስት በርግሆልት ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪና ሀብታም ሰው ሲሆኑ፤ ቋሚ ገቢ የሌለው ሰዓሊ የልጅ ልጃቸውን እንዲያገባ አልፈቀዱም። ጋብቻው ከተፈጸመ ማሪያ ውርሷን እንደምታጣ ግልጽ ሆነ። ሁለቱ ለሰባት ዓመታት በአብዛኛው በደብዳቤ ብቻ እየተገናኙ ቆዩ።

ትምህርቱ በእነዚህ ዓመታትም አልተቋረጠም። በ1814 ሰዓሊው ጆሴፍ ፋሪንግተን የሥራዎቹ አጨራረስ እንደሚጎድለው በመንገር፤ ወደ ሰፎክ ከመሄዱ በፊት በባለሀብቱ ጆን ጁሊየስ አንገርስታይን ቤት ያሉትን የክሎድ ስዕሎች እንዲያጠና መከሩት። ኮንስታብል ስዕሎቹን ካየ በኋላ ወደ ፍላትፎርድ ሄዶ በአባቱ የጀልባ መሥሪያ ቦታ ሸራውን ዘረጋ። የጀልባ ግንባታን የሚያሳየው ስዕሉ ሙሉ በሙሉ በአየር ላይ፣ ከቦታው ሳይነሳ የተሠራ መሆኑን ሌስሊ መስክሯል። ጠዋት ከጌታ ተምሮ ከሰዓት ከተፈጥሮ ጋር የመነጋገር ልማዱ በዚህ ሥራ ጎልቶ ይታያል።

በ1816 አባቱ በማረፋቸው ከውርሱ የሚገኘው ገቢ ትዳር ለመመሥረት አስቻለው። ጥቅምት 2 ቀን 1816 ወዳጁ ቄስ ጆን ፊሸር ለንደን በሚገኘው የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ባረኩ። ሙሽራው 40 ዓመት ሞልቶት ነበር።

ቤተሰቡ እየበዛ ሲሄድ ኮንስታብል በአካዳሚው ኤግዚቢሽን ትኩረት ሊስቡ የሚችሉ ትላልቅ ሸራዎችን መሥራት ጀመረ። ስፋታቸው ሁለት ሜትር ገደማ የሚደርሱት እነዚህ ስዕሎች በሙሉ ማለት ይቻላል የስቱርን ወንዝ የሚያሳዩ ናቸው። የመጀመሪያው “ነጩ ፈረስ” በ1819 ለእይታ በቅቶ በዚያው ዓመት የአካዳሚው ተባባሪ አባል ሆኖ ተመረጠ። ስዕሉን ፊሸር በ100 ጊኒ ገዙት።

ኮንስታብል ለእነዚህ ሥራዎች ከዚያ በፊት ያልተለመደ ዘዴ ተጠቅሟል። ከዋናው ስዕል ጋር እኩል መጠን ያለው ሙሉ ንድፍ አስቀድሞ በዘይት ቀለም ይሠራል። ቡናማውን የመነሻ ቀለም በየቦታው ሳይሸፍን እየተወ፣ በሰፊ ብሩሽና በቀለም ቢላዋ በፍጥነት የብርሃኑንና የጥላውን ሚዛን ይፈትሻል። ከዚያም ዋናውን ሸራ አዘጋጅቶ የራሱን ንድፍ ይገለብጣል። የሌሎችን ሥራ በመገልበጥ የጀመረው ሰዓሊ የራሱን ሥራ እየገለበጠና እያረመ ወደ መማር ተሸጋገረ ማለት ነው።

በ1821 የቀረበው “የድርቆሽ ጋሪ” የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። በሦስት ፈረሶች የሚጎተት ባዶ ጋሪ በፍላትፎርድ ወፍጮ አጠገብ በወንዙ ውስጥ ቆሟል፤ በስተግራ የገበሬው የዊሊ ሎት ቤት ይታያል። ሥራው የተከናወነው ለንደን በመሆኑ የጋሪው ክፍሎች እንዳይዛነፉ የደንቶርን ልጅ ከመንደር የጋሪውን ንድፍ ሠርቶ ልኮለታል። በሙሉ መጠን ንድፉ ላይ ከፊት የነበረው ባለፈረስ በመጨረሻው ስዕል ላይ በቀለም ተሸፍኗል። በሰፊው አረንጓዴ መሐል የፈረሶቹ ቀይ ኮርቻ ጌጥ ጎልቶ ይወጣል፤ በውሃውና በቅጠሉ ላይ የተነጠቡት ነጫጭ የቀለም ጠብታዎችም እርጥበትና ንፋስ ያለ እስኪመስል ያብለጨልጫሉ።

በወቅቱ የነበሩ ብዙ ተመልካቾች ግን እነዚያን ነጫጭ ነጥቦች ያልተጠናቀቀ ሥራ ምልክት አድርገው ወሰዱዋቸው። ስዕሉ በለንደን ገዢ ሳያገኝ ቀረ። በ1824 ጆን አሮውስሚዝ የተባለ የስዕል ነጋዴ ከሌላ ትልቅ የስቱር ስዕል ጋር በ250 ፓውንድ ገዝቶ ወደ ፓሪስ ወሰደው። በፓሪስ ሳሎን ኤግዚቢሽን ላይም ታላቅ አድናቆት በማትረፉ ንጉሥ ቻርልስ 10ኛ ለሰዓሊው የወርቅ ሜዳልያ ሸለሙት። ወጣቱ ዩጂን ዴላክሯ የኮንስታብልን ሥራ ካየ በኋላ ለዚያው ኤግዚቢሽን ያዘጋጀውን የኪዮስ እልቂት ስዕል እንደገና መነካካቱ ይነገራል። በሌሎች ሸራ ላይ የተማረው ሰው አሁን በተራው የሌሎች መማሪያ ሆነ። ኮንስታብል ግን ሽልማቱን ለመቀበል እንኳ ወደ ፓሪስ አልሄደም፤ በሕይወት ዘመኑም ከእንግሊዝ ምድር ወጥቶ አያውቅም።

የዚህን ሰው ትህትና ይበልጥ የሚያሳየው ከፓሪስ ክብር አንድ ዓመት በፊት የሆነው ነው። በ1823 መጸው፤ የ47 ዓመቱ የአካዳሚ ተባባሪ አባል የሰር ጆርጅ ቦሞንት መኖሪያ ወደሆነው ኮልኦርተን ሄዶ ለሳምንታት እንደ ጀማሪ ተማሪ የክሎድን ሥራ ሲገለብጥ ከረመ። ከክሎድ ስዕሎች አንዱን ማታ ወደ መኝታ ክፍሉ ይወስድ እንደነበር ለባለቤቱ የጻፈው ደብዳቤ ያስረዳል። ማሪያ ልጆቹን ይዛ ለንደን ውስጥ እየጠበቀችው ስለነበር ቶሎ እንዲመለስ መወትወቷ አልቀረም። በዚያን ጊዜ የገለበጠው የፍየል እረኛውን የሚያሳይ ስዕል ዛሬ በአውስትራሊያ ሲድኒ በሚገኘው የኒው ሳውዝ ዌልስ የስዕል ሙዚየም ይገኛል።

ሆኖም ኮንስታብል የሚማረውንና የማይማረውን ለይቶ ያውቅ ነበር። ቦሞንት የጥንት ስዕሎች በዕድሜ ብዛት ያገኙትን ቡናማ ቀለም የውበት ሕግ አድርገው ያምኑ ነበር። የመልክዓ ምድር ስዕል አጠቃላይ ቀለም የአሮጌ ቫዮሊንን መምሰል እንዳለበት በተናገሩ ጊዜ፤ ኮንስታብል ምላሽ ሳይሰጥ አንድ አሮጌ ቫዮሊን አንስቶ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው አረንጓዴ ሣር ላይ አስቀመጠው። ሣሩ አረንጓዴ፣ ቫዮሊኑ ቡናማ መሆኑን ማንም ማየት ይችል ነበር። ኮንስታብል ይህን ያደረገው የሚያከብራቸውን ሰው ለማሳፈር ሳይሆን ዓይን የሚያየውን እውነት ለማስከበር ነበር።

ይኸው ጥንቃቄ በሰማይ ጥናቶቹም ታይቷል። በ1821 እና በ1822 በሃምፕስቴድ ኮረብታ ላይ ሆኖ ደመናን ብቻ የሚያሳዩ በርካታ የዘይት ቀለም ጥናቶችን ሠርቷል። በብዙዎቹ ጀርባ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የንፋሱን አቅጣጫና የአየሩን ሁኔታ መዝግቧል።

ቦሞንት ስብስባቸውን በ1824 ለተቋቋመው ናሽናል ጋለሪ አበረከቱ። ከአጋር ስዕል መለየት ግን ስለከበዳቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው አብራቸው እንድትቆይ ጠይቀው ተመለሰችላቸው። ቦሞንት በ1827 ሲያርፉ ስዕሏ ወደ ጋለሪው ገባች።

በቀጣዩ ዓመት ኮንስታብል ከ26 ዓመታት በፊት ወደ ቆመበት ኮረብታ በሐሳቡ ተመለሰ። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ በሆነ ሸራ ላይ የዴድሃምን ሸለቆ እንደገና ሣለ። አቀማመጡ አሁንም የአጋር ስዕል ነው። በዚህኛው ግን ዛፎቹ በንፋስ ይንቀጠቀጣሉ፤ ደመናው ይጓዛል፤ ከፊት ለፊት ያለው ቅጠልና እሾህ በወፍራም ቀለም የተሠራ ነው። ይህ ሥራ ዛሬ በስኮትላንድ ብሔራዊ የስዕል ሙዚየም ይገኛል። ለመምህሩና ለባለውለታው የቀረበ የመጨረሻ ምስጋና ተደርጎም ይታያል።

በዚያው ዓመት ኅዳር 23 ቀን ማሪያ በሳንባ ነቀርሳ በሽታ ሰባት ልጆች ትታ አረፈች። ኮንስታብል ከዚያች ቀን ጀምሮ የሐዘን ልብሱን አላወለቀም። ከሦስት ወራት በኋላ በየካቲት 1829 በአንድ ድምፅ ብልጫ ብቻ የሮያል አካዳሚ ሙሉ አባል ሆኖ ተመረጠ። ዕድሜው 52 ነበር። ለዓመታት ሲጠብቀው የነበረው ክብር ሲመጣ ደስታውን የምትካፈለው ባለቤቱ በሕይወት አልነበረችም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ልምዱን ለሌሎች ማስተላለፍ ላይ አተኮረ። ከቀራጩ ዴቪድ ሉካስ ጋር በመሆን ሥራዎቹን በሕትመት አሰራጨ። ለዚሁ ሕትመት በጻፈው መግቢያ ለሰዓሊ ሁለት መንገዶች እንዳሉ አስረድቷል። አንደኛው ሌሎች የሠሩትን ብቻ እያጠኑ መኮረጅ ወይም ማቀላቀል ሲሆን፤ ሁለተኛው ከምንጩ ከተፈጥሮ መፈለግ ነው። የመጀመሪያው ቶሎ ይወደሳል፤ ሁለተኛው ደግሞ አዲስ ነገር ስለሆነ ዘግይቶ ይታወቃል ሲል አስገንዝቧል። በ1836 በሮያል ኢንስቲትዩሽን በሰጣቸው አራት ንግግሮችም የመልክዓ ምድር ስዕል እንደ ተፈጥሮ ሳይንስ ምርምር ሊቆጠር እንደሚገባው አመልክቷል።

ኮንስታብል መጋቢት 31 ቀን 1837 ሌሊት በ60 ዓመቱ ለንደን ውስጥ በድንገት ሞተ። ሃምፕስቴድ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ከማሪያ አጠገብ ተቀበረ። ወዳጆቹና አድናቂዎቹ ገንዘብ አዋጥተው “የእህል ማሳ” የተሰኘውን ስዕሉን ገዝተው በዚያው ዓመት ለናሽናል ጋለሪ አስረከቡ። ከአዋጪዎቹ መካከል ሳይንቲስቱ ማይክል ፋራዳይ ይገኝበታል። በዚህም የተማሪው ሥራ ከመምህሩ ሥራ ጋር በአንድ ተቋም ተገናኘ። “የድርቆሽ ጋሪ”ም በ1886 በስጦታ ወደዚያው ገባ። ልጁ ኢዛቤል በ1888 በስቱዲዮው የቀሩትን በርካታ ጥናቶችና ንድፎች ዛሬ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ለሚባለው ተቋም አበርክታለች።

ከዚያ ወዲህ የኮንስታብልን ስዕሎች ፊት ለፊት አስቀምጠው እየገለበጡ የዘይት ቀለምን የተማሩ ብዙዎች ናቸው። እውቁ ሰዓሊ ሉሲያን ፍሮይድ በወጣትነቱ በዴድሃም ተማሪ ሳለ የኮንስታብልን የኤልም ዛፍ ግንድ ጥናት አይቶ ተመሳሳይ ነገር ለመሣል ሞክሮ እንዳልተሳካለት ይታወቃል። በ2003 ከ80 ዓመቱ በኋላ ወደዚያው ስዕል ተመልሶ በሕትመት ሥራ ደግሞታል።

የኮንስታብል ሕይወት የሚያስተምረው ከቀደሙት መማር የሚያሳፍር፣ በእነሱ ላይ መቆምም የሚያኮራ አለመሆኑን ነው። ከክሎድ ሸራ ርቀትን፣ ብርሃንንና ትዕግሥትን ወሰደ፤ የጣሊያንን ተራራና የዕድሜ ቡናማ ቀለምን ግን ለባለቤቶቹ ተወላቸው። የተማረውን ይዞ የአባቱ ጀልባዎች ወደሚጓዙበት፣ የወፍጮው ውሃ ወደሚወርድበትና አኻያ ዛፎች ወዳጠሉት የስቱር ዳርቻ ተመለሰ። ዓለም የሚያስታውሰውም በዚያ ወንዝ ነው።